የእናቴ ጣውንት

አባቴ መታመሙን ያወቅነው እናቴን አንቱ ያላት ቀን ነው። ያወቅነው ስል ትንሽ እየዋሸሁ ነው፤ የዚያን ቀንስ በስተርጅና ጨዋነት የጀመረው መስሎን ደስ ብሎን ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ «አንቺ ሴትዮ» ሲላት የኖረ ሰው፣ የቀረበለትን ገንፎ በልቶ ሲያበቃ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አላህ ይስጥልኝ፤ በጣም አስቸገርኩዎት» አላት። እናቴ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ማንም አልነበረም። ከዚያ እኔን አየችኝና ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ «ምን ሆነ?» አለችኝ። እኔም ምን አውቄ፣ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

እኔ ጋምቤላ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከአቦቦ አለፍ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። ከወሎ የመጡት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ መንደራቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በቁጥር ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ፑኝዶ በሚሄድ መኪና እሳፈርና መንገድ ላይ እወርዳለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። ስለዚህ የአባቴን ለውጥ የማየው በየሳምንቱ እየተቆራረጠ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ስሄድ ጨዋነቱ ብሶበት ጠበቀኝ። ከአልጋው ወርዶ በሩ አጠገብ ሰሌን አንጥፎ መተኛት ጀምሯል። «የሰው አልጋ ላይ እንዴት ይተኛል?» ይላል። ወደ ቤት ሲገባ ደጁ ላይ ቆሞ ያስፈቅዳል። እኔን «ልጄ» ማለቱን አልተወም፤ እናቴን ግን ቤቷን ለመንገደኛ የከፈተች ደግ ሴት አድርጓታል። ምሳ ስታቀርብለት፣ «ባለቤቴ ከኋላ ባለው መኪና ናት፤ ስትደርስ ውለታዎን ትከፍላለች» አላት።

እናቴ የገባት ሌላ ነገር ነው። ሌላ ሚስት ወሎ ትቶ መጥቷል፣ አርባ ዓመት ደብቋት ኖሮ አሁን ምላሱ አመለጠው ብላ ደመደመች። እንደ መርማሪ ፖሊስ ያዘችው። ምን ትመስላለች? ቀይ ናት። ቁመቷስ? ከእኔ ትንሽ ነው የምታንሰው። ጠባይዋ? እሱን እንኳ አይጠይቁኝ፤ ስትናደድ ጎረቤት ይሰማል። የማን ልጅ ናት? አባቴ የወንድ አያቴን ስም ጠራ። የእናቴን አባት። እናቴ የያዘችውን ጭልፋ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ሰው ከመጠለያ እየተጫነ ወደዚህ ሲመጣ፣ አባቴ በፊተኛው መኪና ተሳፈረ። እናቴ ታማ ስለነበር ትንሽ ይሻላት ተብሎ ቀረች። ትድናለች፣ ትሞታለች፣ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ እዚህ ደርሶ፣ ጎጆ እንዲሠራ ሣርና እንጨት ተሰጥቶት፣ እሱ ግን መንገድ ዳር ቆሞ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያየ ከረመ። በመጨረሻ መጣች። ያን ወሬ ሲያወሩት ስንሰማ አድገናል። አሁን የአባቴ ጭንቅላት እዚያው መንገድ ዳር ተመልሶ ቆሟል፤ መምጣቷን ግን ረስቶታል።

ነገሩን ሳስረዳት እናቴ ትረጋጋለች ብዬ ነበር። የባሰ ተቃጠለች። «ሌላ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሌላ ሴት ታረጃለች።»

እንግዲህ ሕክምና። በመንደሩ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ያየው ባለሙያ የወባ ምርመራ አደረገለት፤ እዚህ አገር ጣት ቢቆረጥም መጀመሪያ የሚታየው ወባ ነው። ወባ የለበትም። ስኳሩ ደህና ነው፣ ግፊቱ ደህና ነው። ከዚያ ይህ ከእኛ በላይ ነው፣ ከተማ ሆስፒታል ይታይ፣ ምናልባት ከዚያም የጭንቅላት ራጅ ለመነሳት ከክልል ውጭ ሪፈር ይባላል አለን። ቀጥሎ «መድን አላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ነበረን። የጤና መድኑን በየዓመቱ የሚያሳድሰው አባቴ ነበር። በቤታችን እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚይዝ እሱ ነው፤ የመሬት ግብር፣ የዕድር፣ የመስጊድ መዋጮ፣ ሁሉም በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን አላሳደሰም። ለምን ቢባል ረስቶታል። እኛም እሱ አድሷል ብለን ተቀምጠናል። የመርሳት በሽታ እንዲታከም መርሳት የለበትም ነበር ማለት ነው።

ከኪሳችን ብንከፍልስ ይባል ይሆናል። የእኔን ደመወዝ አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ተሰናብቶኝ ይሄዳል። ለከተማው ካርድና ምርመራ እንበቃ ይሆናል፤ ከክልል ውጭ ለመጓዝ፣ ለማደር፣ ጭንቅላት ለመነሳት ግን በሬዎቹ መሸጥ አለባቸው። በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ምን ይሆናል? እናቴ ግን ልትሸጥም ዝግጁ ነበረች። «ከብቱንም እርሻውንም ይርሳው፤ የእናንተንም ስም ይርሳ» አለችኝ፤ ማፈሯም አይታይባትም። «እኔን ብቻ ያስታውስልኝ። ለሐኪሙ ይህን ንገሪው።» በሬ ከመሸጣችን በፊት መድኑን እናሳድስ ብዬ ለመንኳት።

ከትምህርት ቤት የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሰኞ ሦስታችን የመድን ምዝገባ ወደሚካሄድበት ቢሮ ሄድን። መዝጋቢው ወጣት አኙዋ ነው። አማርኛው ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ እንግሊዝኛና ኑዌርኛም ይችላል። ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ይጠራል። በዚህ የሚስቅ ሰው መጀመሪያ እንደ እኔ በአኙዋ ቋንቋ ዓሣ ለመግዛት ሞክሮ ሙሉ ገበያ ሲስቅበት ይየው።

«አባወራ ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ፤ ቀጥ ብሎ። ስሙን እስከ አያቱ ሳይደናቀፍ ተናገረ።

መዝጋቢው ታብሌቱ ላይ ሞላ። ከዚያ ወደ እናቴ እያመለከተ «ይሄ ሚስትህ ነው?» አለው።

አባቴ ደነገጠ። «ኧረ እንዲህ አይባልም የኔ ልጅ። የተከበሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው አስጠግተውኝ ነው።»

መዝጋቢው ጣቱን ከታብሌቱ ላይ አነሳ። «ያላገባ ነህ?»

«አግብቻለሁ።»

«ሚስትህ የት አለ?»

«ከኋላ ባለው መኪና።»

ልጁ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ መንገዱን አየና፣ ከልቡ፣ «ስንት ሰዓት ይደርሳል? እንጠብቀው?» አለ።

እናቴ በዚህ ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም። እኔ ጣልቃ ገብቼ አስረዳሁ። አባቴ ታሟል፤ ሕመሙም መርሳት ነው፤ ሚስቱ ይህችው ናት፤ አምስት ልጅ ወልዳለታለች፤ አንዷ እኔ ነኝ። ልጁ በጥሞና ሰማኝ። መታመሙን ሐኪም ከጻፈ ችግር የለም አለ። ሐኪም እንዲጽፍ እኮ ነው መድኑን የፈለግነው አልኩት። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ አዞረና፣ «ልክ ነህ፤ ይዞራል» አለ። «ግን ሲስተሙ ላይ የሚዞር ነገር የለም። ሚስት ካልሞላሁ አያሳልፈኝም።»

ሌላ መንገድ ፈለግን። እናቴ በእማወራነት ብትመዘገብስ? ለዚያ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች መሆን አለባት።

«ይፍታኝና ልመዝገብ ታዲያ» አለች እናቴ። አምርራ ነው።

አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያላገባሁዎትን እንዴት እፈታዎታለሁ?» አላት።

ልጁ በመጨረሻ የጋብቻ ማስረጃ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ኑ አለን። ማስረጃ የለም። የእነሱ ኒካህ የታሰረው ወሎ ነው፤ ምስክሮቹን ድርቁ በልቷቸዋል፤ ወረቀት የሚባል ነገርም ያኔ አልነበረም። በማግሥቱ ወደ መንደሩ ሼኽ ሄድን።

ሼኹ ወላጆቼን ከመጡ ጀምሮ ያውቋቸዋል። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸውን በጢማቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው። ኒካህ ባል ስለረሳው አይፈርስም አሉ። ሁለቱም በፊቴ ባልና ሚስት ነን ካሉ ወረቀቱን እጽፋለሁ አሉ። አባቴን ጠየቁት። አባቴ የሰው ሚስት ላይ ምላሱን እንደማያነሳ ነገራቸው።

አእምሮው እንዴት እንደሆነ ለማየት ብለው ስለ ሶላት ጠየቁት። አንድም አልሳተም። ቁርኣን እንዲያነብ አደረጉት፤ ከእሳቸው በሚያምር ድምፅ ቀራ። «ይህ ሰውዬ ጤነኛ ነው» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው በቅሬታ፤ ያለ ምክንያት ያስቸገርኳቸው ይመስል። እንግዲያው ኒካሁን እናድሰው፤ ለመታደስ ምን አለበት፣ እሷም አዲስ ሙሽራ ትባላለች አሉ። በዚያ ሰሞን የሚታደሰው ነገር መብዛቱ።

«ሚስት አለኝ» አለ አባቴ።

«ሁለተኛ ይፈቀድልሃል» አሉ ሼኹ።

«እሷን ሳላማክርማ አላደርገውም።»

«የእሷ ፈቃድ ግዴታ አይደለም።»

«እርስዎ አያውቋትማ» አለ አባቴ።

እናቴ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «እኔን አማክረኝ! ፈቅጃለሁ!» ብላ ከተቀመጠችበት ተነሳች። አባቴ በእርጋታ አያት። «አላህ ይስጥልኝ» አለ፤ «ግን በእሷ ቦታ ሆነው ሊፈቅዱ አይችሉም። ደግሞ ምን ቸኮለዎት?»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ፊት ፊት እየሄደች ለራሷ ታጉረመርማለች። ስደርስባት ፊቷ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። ቁጣው አለ፤ ከቁጣው ሥር ግን የሆነ ደስታ ነገር አለ። «ታማኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ለማን?» አልኳት።

እርምጃዋን ጨምራ ቀደመችኝ።

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባቴ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ነጠላዋን ቀይራ፣ በጓሮ ወጥታ፣ በፊት በር በኩል እንደ መንገደኛ መጣች። እኔ በሩ ሥር የበቆሎ ዘር የምለቅም መስዬ ተቀምጫለሁ። ፊቱ ቆመችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም አንቱ አለችው። «ከባለቤትዎ መልእክት ይዤ መጥቻለሁ» አለችው።

አባቴ ብድግ አለ። «ደህና ናት? ዳነች?»

እናቴ አንድ አፍታ ተደናቀፈች። ያን ያህል ይሆናል ብላ አላሰበችም። «ዳነች» አለች። «መኪና ስላላገኘች ትቆያለች። እስከዚያ ብቻህን አትኑር፣ የያዘችህን ሴትዮ ኒካህ እሰርላት ብላለች።»

አባቴ ተቀመጠ፤ ተጠራጠረ። «ምልክት ላከችልኝ?» አለ።

እናቴ ዙሪያዋን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እኔ ግን ሰማሁ። «በሠርጋችን ሌሊት ጅብ ሲጮህ ጋቢው ሥር ገብቶ እጄን የያዘው እሱ ነው ብላለች። ለሰው ሲያወራ ግን የፈራችው እሷ ናት ይላል ብላለች።»

አባቴ ፊቱ ቀላ። ይህን ታሪክ እኛም ልጆቹ የምናውቀው በተገላቢጦሹ ነው። ወደ እኔ ሲያይ አንገቴን ደፍቼ ዘሬን ለቀምኩ። «እንግዲያስ ከልቧ ፈቅዳለች ማለት ነው» አለ። «ባትፈቅድ ይህን ገመናዬን አታወጣም ነበር።»

ኒካሁ ዓርብ ታሰረ። አባቴ መህር የሚባለውን ጥሎሽ ሳልሰጥ አላገባም ብሎ ግቢ ውስጥ ስትዞር ያያትን ዶሮ ይዞ ሰጣት፤ የራሷን ዶሮ። ተቀበለችው። ለመድኑ ፎቶ ያስፈልጋል ስለተባለ አቦቦ ፎቶ ቤት ገባን፤ ከኋላቸው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ። አባቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስገባ ቦታ ተወ። ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ» ሲላቸው፣ «አዲስ ነን» አለው አባቴ። እናቴ ሳቀች፤ በፎቶው ላይ አፏን ከፍታ ያለችው ለዚህ ነው።

ቢሮ ስንደርስ መዝጋቢው ልጅ አስታወሰን። የሼኹን ወረቀት ተቀብሎ ደስ አለው። ማንበብ ጀመረ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ደስታው ጠፋ። ሼኹ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ አባቴ ባለው መሠረት «ሁለተኛ ሚስት» ብለው ጽፈዋል።

«ይሄ ሁለተኛ ነው» አለ ልጁ። «አንደኛውስ?»

ሲስተሙ ሁለተኛ ሚስት ይቀበላል፤ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልባታል። ግን አንደኛዋ ሳትሞላ ሁለተኛዋን አይከፍትም። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ፎቶዋ ያስፈልጋል። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት ራሴም ለመድኑ ብቁ ነበርኩ።

እናቴ ግን ከጉያዋ አንዲት ጨርቅ አወጣች። በጨርቁ ውስጥ ለመንደሩ ማኅበር መታወቂያ ብላ እንደመጣች ሰሞን የተነሳችው ጉርድ ፎቶ አለ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ፊቷ ግን ደህና ይታያል። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ስሟን፣ የአባቷን ስም ተናገረች። የሁለተኛዋም ስም ያው ነው፤ የአባቷም ያው ነው።

«የድሮ ፎቶ ነው» አለ ልጁ።

«እሷም የድሮ ናት» አለች እናቴ።

ልጁ ፎቶውን አየ። እናቴን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ። ይህን ጊዜ አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ በልጁ ትከሻ በኩል አጎንብሶ ፎቶውን እያየ ነበር። «ደረሰች?» ሲል ጠየቀው።

ልጁ ታብሌቱን በእርጋታ እየነካካ፣ «በሲስተም ደርሷል» አለው። «በአካል ገና ነው።»

ለአባቴ ይህ በቂ ሆነ። መዋጮውን ስትከፍል እናቴ የማጉረምረም ዕድል አላመለጣትም፤ ለሷም እኔ ነኝ የምከፍለው አለች። ስንወጣ ልጁ በሩ ድረስ ሸኝቶን ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «አያቴም እንደዚህ ሆኖ ነበር» አለኝ። ወንድ አያቱ ይሁን ሴት አያቱ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ሆኖ አባቴ ሁለት ሚስቶች ያሉት የመድኑ አባል ሆነ። አንዷ ልጅ ናት፣ አንዷ አሮጊት፤ ሁለቱም እናቴ።

ከተማ ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ጎልማሳ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የአባቴን ደም አስመረመረ፣ ዓይኑን አየ፣ አካሄዱን አየ፤ ብዙ ጠየቀው። ዓመቱን አላወቀም። የት እንዳለ ሲጠየቅ «አዲስ አገር» አለ። መንግሥቱ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይመልስ ተናገረ፤ ሐኪሙ ይህን እንደ ስህተት አልቆጠረበትም። ማን እንደሚንከባከበው ሲጠይቀው አባቴ ኮራ ብሎ «ሁለት ሚስቶች አሉኝ» አለ።

«ይስማማሉ?» አለ ሐኪሙ።

«ገና አልተገናኙም።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ፤ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። አባቴን ውጭ አስቀምጠነው ከእናቴ ጋር ስንመለስ፣ ሳያወላውል እንዲናገር ፈቃዳችንን ጠየቀ። የሚድን ዓይነት መርሳት አለ፤ የአባቴ ግን ያ አይመስለውም። ጭንቅላቱ ቢነሳ ጥሩ ነው፤ መድን ስላላችሁ ሪፈር እጽፋለሁ። ግን የሄደው ይመለሳል ብላችሁ ተስፋ እንዳታደርጉ። ቀስ ብሎ እየራቀ ነው የሚሄደው፤ እናንተ አትቆጡት፣ አታርሙት፣ ባለበት አግኙት። እኔ እናቴ አደራ ያለችኝን ለመናገር አፌን ስከፍት እጄን ያዘች። ጥያቄው ተቀይሮባት ነበር።

«ያቺኛዋንስ?» አለችው። «ያቺን ልጅ፣ ከኋላ ባለው መኪና ያለችውን። እሷንም ይረሳል?»

«እሷንም፤ ከጊዜ ብዛት» አለ ሐኪሙ።

ከሆስፒታሉ ወጥተን መኪናው እስኪሞላ ባሮ ወንዝ ዳር ተቀመጥን። ልብስ የሚያጥቡ አሉ፣ የሚታጠቡ አሉ። አባቴ ትናንሾቹን ጀልባዎች እያየ ደስ ብሎታል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ስንት ሳምንት የጠላቻትን፣ ድራሿ ይጥፋ ያለቻትን ሴት ነው ሐኪሙ ትሞታለች ያላት። እኔ ውሃ ገዛሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የጣውንቷ አስታማሚ ሆነች። በየቀኑ ለአባቴ የእሷን ወሬ ታመጣለታለች። ዛሬ እንዲህ ብላ ላከች፤ ትናንት ጠይቃሃለች፤ ጠጉሯን ተሠርታለች፤ ልብሱን አጥበሽ አልብሺው ብላኛለች። መጀመሪያ ላይ አባቴ ወሬውን በጉጉት ይቀበል ነበር። ጅቡን ታስታውሳለህ ትላለች ብላ ስትነግረው ያፍራል፤ ያፈረ ቀን እናቴ ስልክ ትደውልልኝና «ዛሬ ደህና ናት» ትለኛለች። ሪፈሩም ተጽፎ ጉዞውን ለክረምቱ ዕረፍት አቆይተነው ነበር።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዴ ከመኪና ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ ደጃችን በጫማ ተሞልቶ አየሁ። ሮጬ ስገባ አባቴ ከጎረቤቶች መካከል ተቀምጧል፤ በሕይወት አለ፤ እንዲያውም ሰላም አለኝ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጎረቤቶቹ ስታለቅስ አይተው የገቡ ናቸው፤ ማን እንደሞተ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ጎንበስ ብዬ «እማ፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«ጣውንቴ» አለች።

ነገሩ የሆነው ጠዋት ነው። ሚስትህ ሰላም ብላሃለች ብላ ገንፎውን ስታቀርብለት፣ አባቴ ፈገግ ብሎ አያት። «የምን ሚስት?» አላት። «እኔ ሚስት ኖሮኝ አያውቅም።» ምልክቱን ነገረችው፣ ጅቡን፣ ጋቢውን። በአክብሮት እስከ መጨረሻው አዳመጣትና ደስ የሚል ተረት ነው አላት።

ለጎረቤቶቹ ምን እንደምላቸው ግራ ገባኝ። ማንም ግን አልጠየቀኝም። አንዷ ጎረቤታችን ተነስታ ውሃ አፈላች፤ ሌሎቹ እናቴን «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» እያሉ አጽናኗት። አባቴም የሰው ሐዘን ላይ ባዶ እጁን መቀመጡ አሳፍሮት ነው መሰል፣ ከቦታው ተነስቶ፣ እናቴ አጠገብ መጥቶ፣ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናዎት» አላት።

«አሜን» አለች።

አባቴ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ስለ ሟቿ ጠየቃት። «እንዴት ያለች ሴት ነበረች?»

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና ብላ አየችው። «እኔ ምን አውቄ» አለችው። «አንተ ነበርክ የምታውቃት።»